ባለጎማው ሰልፍ

ሪያድ ውስጥ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሳይኖረኝ የስፖርት አዳራሽ አጸዳ ነበር። አንድ ቀን ዕድሜያቸው ከሃያ በታች የሆነ የየአገሩ ብሔራዊ ቡድኖች በባለአራት ጎማ ጫማ እየተንሸራተቱ ሆኪ ሊጫወቱ መጡ። ከጨዋታው በፊት አንድ ኮስታራ ሰውዬ አሰልፏቸው፣ ፓስፖርታቸውን እየተቀበለ ፊታቸውን ከፎቶው ጋር ያስተያይ ጀመር።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ወደ አገራቸው ሊጠርዟቸው ነው። እኔ በነጠላ ጫማ ሁለቴ አምልጫለሁ። እግራቸው ላይ ጎማ እያለ መሰለፋቸው አንጀቴን በላው።

ብያዝ አብሬ እንደምጠረዝ እያወቅኩ፣ መጥረጊያዬን ይዤ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ወደቆመው የአንድ ዐረብ አገር ቡድን በረኛ ተጠጋሁ።

«ወንድሜ፣ የኋላው በር ክፍት ነው። ያላ!» አልኩት በቋንቋው።

ላብ በላብ ሆነ። «ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«ሃያ ሦስት ዓመቴ መሆኑን ነዋ!» ብሎኝ በጎማው ተፈተለከ።