ይርጉ የተጻፈበት ቢላዋ

ዲላ ውስጥ ዕቃ ላይ ስም የሚጻፈው እንዳይጠፋ ነው። የዕድር ትሪ፣ ለሰርግ የሚሰጥ ድስት፣ ለቅሶ ቤት የሚላክ ቢላዋ ሳይቀር በሚስማር እየተበሳ ወይም በቀይ ቀለም እየተቀባ የባለቤቱን ስም ይይዛል። "ፈይዛ" የሚል ማንኪያ አልጋነሽ ቤት ከተገኘ አልጋነሽ ተውሳ አልመለሰችም ማለት ነው፤ ላስረዳ ብትል የሚሰማት የለም። ይህን ልጅ አዋቂው ያውቃል። ቀጥቃጩ ይርጉም ያውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ረሳው፤ መርሳቱም ሦስት ዓመት ከሰባት ወር አስከፈለው።

ይርጉ የኮቸሬ ሰው ነው። አባቱም አያቱም ብረት ቀጥቅጠው ነው ያለፉት። እሱም ወናፉን ይዞ ዲላ ገባና ከገበያው ጀርባ አራት ቆርቆሮ አቁሞ፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ገጀራ፣ ማጭድና ቢላዋ ሲያወጣ ኖረ። ሰው ሥራውን ይወደዋል፣ ሠሪውን ግን ይጠየፋል። ሴቶቹ ቢላዋ ሲገዙ ብሩን በእጁ አይሰጡትም፤ ብረት የሚቀጠቅጥበት መስፍ ላይ ጣል አድርገውለት ይሄዳሉ። ድግስ ቤት የሚቀርብለት ጆሮዋ የተሰበረ አንዲት ሲኒ ነበረች፤ ለእሱ ተብላ የተቀመጠች። ጸሎት ቤት ሁላችንም አንድ ነን ተብሎ ይሰበካል፣ ሁሉም አሜን ይላል፤ አግዳሚው ላይ ግን ከይርጉ ጎን ሁልጊዜ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ክፍት ይሆናል። እኔ ይህን ስጽፍ አሁንም ያናድደኛል። እሱ ግን ለምዶታል፤ ወይም ለምጄዋለሁ ይል ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ክረምት ፉሚኮ የምትባል ጃፓናዊት የሂሳብ መምህርት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። በጎ ፈቃደኛ ናት፤ አማርኛዋ ዝግ ያለ ቢሆንም ጥሩ ነው። ቤት የምታግዛት ሴት ፉሚኮ ከአገሯ ባመጣችው ቢላዋ የፍየል ቅልጥም መትታበት ስለቱ እንደ ጥርስ ተሸርፏል። ይርጉ መሬት ላይ እስክታስቀምጥለት ጠበቀ። እሷ ግን እጀታውን ወደ እሱ አዙራ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ሰጠችው። እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበላት።

ቢላዋው ቀላል ነው፣ ቀጭን ነው፤ ከስለቱ ከፍ ብሎ ደግሞ የወንዝ ዳር የመሰለ ደብዛዛ መስመር ይሄዳል። ይርጉ በጥፍሩ መታ አድርጎ ድምፁን ሰማ። ሁለት ዓይነት ብረት መሆኑን ከመናገሯ በፊት አውቆታል። ቢላዋውን የሠራው የአገሯ ሽማግሌ ጠንካራውን ብረት መሃል አድርጎ፣ ለስላሳውን ከግራና ከቀኝ አልብሶ በእሳት እንደሚያዋድደው ነገረችው። ጠንካራው ብቻውን ይሰበራል፣ ለስላሳው ብቻውን ስለት አይዝም። ውሃ ውስጥ ከመንከሩ በፊት ደግሞ የእሳቱን ቀለም በዓይኑ ለመለየት መስኮቱን ሁሉ ይዘጋል። ይርጉ ይህን ሲሰማ ዞሮ የራሱን በር አየ። እሱም ለዚሁ ጉዳይ ጆንያ ይጋርድበታል፤ ያስተማረው አባቱ ነው።

እሳት ቢነካው እንደሚበላሽ ገብቶታልና እሳት አላሳየውም። ሦስት ቀን ሙሉ በውሃ እያረጠበ ድንጋይ ላይ ፈተገው። ፉሚኮ መጥታ እዚያው ቲማቲም ቆረጠችበት፤ ቲማቲሙ መቆረጡን የሰማ አይመስልም። ሁለቱም ሳቁ። ያኔ ነው ይርጉ ብረቱ ላይ የተቀረጹትን ፊደሎች ያሳያት።

"የባለቤቱ ስም ነው?"

"የሠራው ሰው ስም ነው፣ አቶ ይርጉ። ከእርሱ ቢላዋ ለማግኘት ሰው አንድ ዓመት ይጠብቃል።"

ይርጉ ፊደሎቹን በጣቱ ዳሰሰና፣ "ሰው ቤቱ ገብቶ ይበላል?" ሲል ጠየቃት።

ጥያቄው አልገባትም። "ሻይ አጠጥቶኛል" አለችው።

ከዚያች ቀን በኋላ ይርጉ ሌላ ሰው ሆነ ብል ውሸት አይሆንም። ያረጀ ሞረድ እየፈለገ ይገዛል፤ ሞረዱን መሃል አድርጎ ለስላሳ ብረት ያለብሰዋል፣ መጋጠሚያው ላይ ደቃቅ አሸዋ ነስንሶ እሳት ያስገባዋል፣ ይቀጠቅጣል። የመጀመሪያዎቹ እንደ ሽንኩርት ተላላጡ፤ ቀጥለው የመጡት ውሃ ሲገቡ ተሰነጠቁ። በስምንተኛው ወር አንዱ ያዘ። ይርጉ ፊደል አልቆጠረም፤ ልጁ ትንቢት መሬት ላይ ሦስት ፊደል ጻፈችለት፣ እሱም እጁ እስኪለምድ ተለማምዶ በመሮ ብረቱ ላይ ቀረጻቸው። ይርጉ። በሕይወቱ መጻፍ የቻለው እነዚህን ሦስቱን ብቻ ነው።

ሚስቱ ሙሉካ አልወደደችውም። የሰው ወጥ ቤት ውስጥ የአንተ ስም ምን ይሠራል አለችው። ስም ከመቃብር በላይ ነው ብሎ መለሰላት፤ አባባሉ እውነት ነው፣ ለማን እንደሆነ ግን አይናገርም። በዓመት ተኩል ውስጥ አርባ የሚሆኑ ቢላዋዎች ዲላና ጨለለቅቱ ገበያ ሸጠ። ይቆርጣሉና ሰው ጠይቆ ይገዛቸው ጀመር። ፉሚኮ በዚህ መሃል ጊዜዋን ጨርሳ አገሯ ገባች። ይርጉ ግን ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ። ስሜ አርባ ቤት ገብቷል፣ እኔ ያልገባሁበት ገብቷል ይላት ነበር ሙሉካን።

በ1998 ጥቅምት ግዛቸው የሚባል የቡና ደላላ ከቡና ማጠቢያ በሚመለስበት መንገድ ላይ ተወግቶ ሞቶ ተገኘ። ሣሩ ውስጥ ቢላዋ ወድቋል፤ ቢላዋው ላይ ይርጉ የሚል ተጽፏል። ሁለቱ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ሻይ ቤት ተጋጭተዋል። ግዛቸው ይርጉ የጠጣበትን ብርጭቆ ሰው ፊት መሬት ላይ ሲሰብረው፣ ይርጉ "አንድ ቀን ብረት ያስፈልግሃል፣ ያኔ እንገናኛለን" ብሎት ወጥቶ ነበር። ማጭድህን ማን ይሠራልሃል ማለቱ ነው። ማን እንደዚያ ይሰማዋል?

ይርጉ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ፤ መርማሪው ቢላዋውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ሰው መሞቱን ለይርጉ ገና አልነገረውም። ይርጉም ያየው የደረቀውን ደም አይደለም፤ ከስለቱ ከፍ ብሎ የሚሄደውን መስመር ነው። ከሠራቸው ሁሉ ያማረለት እሱ ነበር። ጠፍቶ የተገኘ ዕቃ አስመልሰው ሠሪውን ሊያመሰግኑ የጠሩት መሰለው።

"ይህ ቢላዋ ያንተ ነው?"

"አዎ፣ የእኔ ነው" አለ ይርጉ። ያ አልበቃው ብሎ፣ "የእጄ ሥራ ነው" አለ።

መርማሪው ቃል በቃል ጻፈው። አሻራ ታደርጋለህ ወይስ ትፈርማለህ ሲባል ይርጉ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ሦስቱን ፊደሎች ቢላዋው ላይ እንዳሉት አድርጎ ጻፈ። ነገሩ ሲገባው ሊያስረዳ ሞከረ፤ ላቡ እየወረደ የጃፓኑን ሽማግሌ ሁሉ አነሳ። ያንተ ካልሆነ ስምህን ለምን ጻፍክበት ተባለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ሞኝና ወረቀት ደግሞ የያዘውን አይለቅም።

አንድ መውጫ ብቻ ነበረው። እንደዚያ ያለ ቢላዋ በየሰው ቤት መኖሩ ከታየ፣ ስሙ የሠሪ እንጂ የባለቤት አለመሆኑ ይታወቃል። የራሱ ቤት ቢላዋ አሮጌ የባሌስትራ ቢላዋ ነው፤ ለራሴ ቤት ምን ስም ያስፈልጋል ብሎ አልጻፈበትም። የሚሠራበት ቆርቆሮ ሥርም ሳይሸጥ የቀረ አልነበረም። ስለዚህ ሙሉካ የገዙትን ሰዎች ፍለጋ ወጣች። ሆቴሎቹን፣ ሥጋ ቤቶቹን፣ ይርጋጨፌን፣ ጨለለቅቱን አዳረሰች። እሑድ እሑድ በእስር ቤቱ የሽቦ አጥር ማዶ ቆማ ያየችውን ትነግረዋለች። መጀመሪያ ገና እየፈለግሁ ነው ትለው ነበር። በአራተኛው እሑድ መዋሸት አቃታት።

"የትንቢት አባት፣ ፍቀውታል" አለችው።

"ማን?"

"ሁሉም።"

ፈይዛ፣ ምግብ ቤት ያላት፣ እንዴት እንደሆነ ሳትደብቅ ነገረቻት። ለቅሶ ቤት ይዛው ሄዳ የዕድር ሴቶች ይህ ይርጉ የሚል የማን ነው፣ ከየት አመጣሽው ብለው አፍጥጠውባታል፤ በማግስቱ ስሙን ድንጋይ ላይ ፈግፍጋ አጠፋችው። ሌሎቹም እንደዚያው። የቀጥቃጭ ስም የምበላውን ሥጋ አይነካም ብለው ፊት ለፊት የነገሯትም ነበሩ። ሙሉካ ሃያ ሦስት ቢላዋ አገላብጣ አይታለች።

"አንድ ፊደል እንኳ?" አላት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ይርጉ አላለቀሰም። መታሰሩ ሌላ ሰው ባጠፋው ነው፤ የስሙ መፋቅ ግን እሱ ደስ ብሎት ቀና ብሎ በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው። በዚያ ቀን የመጣለትን ምሳ ሳይከፍት መለሰው።

ፈይዛ ትመስገንና ችሎት ቀረበች፤ ቢላዋዋንም አመጣች። ዳኛው ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት።

"ስሙ የታለ?"

"ፍቄዋለሁ፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያው የለም" አሉና መለሱላት። ይርጉ አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት።

እስር ቤት ብረት የለም። ቅርጫት መሥራት ተማረ፤ ክፉ ቅርጫት ነው የሚሠራው፣ እጁ ለመዶሻ የተፈጠረ ነው። ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ሲሆነው የግዛቸው የእህቱ ባል በሌላ ጠብ ተይዞ፣ ሲጨንቀው ያንንም አብሮ ተናዘዘ። ቢላዋውን ጨለለቅቱ ገበያ እንደገዛው ተናገረ፤ ስሙን አይቶታል፣ የሌላ ሰው ስም በመሆኑም ደስ ብሎት ነበር።

ይርጉ የመፈቻ ወረቀቱን ይዞ ዕቃውን ሊረከብ የተያዘ ዕቃ ወደሚቀመጥበት ኤግዚቢት ክፍል ሲገባ ሙሉካ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ቀበቶና ኮት ተሰጠው። መደርደሪያው ላይ ግን ቁጥር የተንጠለጠለበት ቢላዋ አየ። ለስላሳውን ብረት ዝገት በልቶታል፤ ስለቱና መስመሩ ግን አሉ። ሦስቱም ፊደሎች አሉ። እሱ እስከሚያውቀው፣ ሠርቶ ከሸጣቸው ሁሉ ስሙ ያልተፋቀው ይህ አንዱ ብቻ ነው።

የክፍሉ ሠራተኛ ዓይኑን ተከትሎ አየ። ክፉ ሰው አይደለም። ዶሴው ስለተዘጋ ይቀልጣል፣ የእኔ ነው የሚል ካለ ግን ፈርሞ ይወስደዋል አለው።

"ያንተ ነው እንዴ?"

ሙሉካ ከበሩ ላይ፣ በል እንጂ ዓይነት አየችው። ይርጉ ዓይኑን ከመደርደሪያው አነሳ።

"አይደለም" አለ።

"ስምህ አይደል የተጻፈው?"

"ይርጉ የሚባል ሰው ብዙ ነው።"

ሠራተኛው ትከሻውን ነቅንቆ መዝገቡን ከፈተ፤ ስለ ቀበቶውና ስለ ኮቱ እንዲፈርም እስክሪብቶ ዘረጋለት። ይርጉ እስክሪብቶውን አልተቀበለም። መጻፍ አልችልም አለና፣ አውራ ጣቱን የአሻራ ቀለሙ ላይ አሳረፈ።