የእናታችን የሠርግ ቀሚስ

ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው የረሃብ ዓመት አባታችን በሬዎቹን ሸጦ ሲጨርስ ልብሳችንን ገበያ አወጣው። ያልሸጠው የሟች እናታችንን የሠርግ ቀሚስ ብቻ ነበር። ሦስት እህትማማቾች በተራ እንለብሰዋለን። አንዳችን ስንወጣ ሁለቱ አንድ ቁርበት ተከናንበው ቤት ይውላሉ። እኔም መካነ ሰላም ትምህርት ቤት የምሄደው ተራዬ ሲደርስ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን የግሪኮችን ተረት ነገረን። ፎርኪስ የሚባል ጥንታዊ የባሕር አምላክ ነበር አለ። ከእኛ ባሕር ያየ የለም፤ አባይን አሰብን። የወለዳቸው ሁሉ የሚያስፈሩ ናቸው፤ ፀጉራቸው እባብ የሆነ፣ ከወገቧ በታች ዘንዶ የሆነች። ሦስቱ ሴቶች ልጆቹ ደግሞ ሲወለዱ ጀምሮ ሽበታም ናቸው። ለሦስቱም ያለቻቸው አንዲት ዓይን ናት፤ እየተቀባበሉ ያዩባታል። አንድ ቀን ሲቀባበሉ ሌባ መሃል ገብቶ ወሰደባቸው።

ከኋላዬ የምትቀመጠው የነጋዴ ልጅ፣ "ዛሬ የዓይኗ ተራ ያንቺ ነው?" አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አባቴ በመንገድ ሲያልፍ ልጆች "ፎርኪስ!" ይሉታል። እሱ የፈረንጅ ሰላምታ መስሎት "እደጉ ልጆቼ" ይላቸዋል።

በኋላ እግሩ አብጦ ተኛ። የእርዳታ ስንዴ ይታደላል ሲባል ታላቅ እህቴ ቀሚሱን ለብሳ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ታናሻችን ከጥግ ሆና "ዓይናችን አልመጣችም?" ትለኛለች፤ ስድቡን ቤት ይዤው ገብቼ ነበር። መጠየቅ ስታቆም ፈራሁ። ቁርበቱን በገመድ አስሬ ወጣሁ።

የነጋዴው ልጅ ስንዴው የሚታደልበት ሜዳ ዳር፣ በአባቷ ሱቅ በር ላይ ቆማለች። የለበሰችው የእናቴን ቀሚስ ነው።

"ፎርኪስ ጠጉራምም ይወልዳል እንዴ?" አለች።

"ቀሚሱ የኛ ነው" አልኳት።

"የምን የናንተ? ወላሂ እህትሽ ራሷ ናት በገብስ የሸጠችልኝ። አሮጌ ቀሚሴንም መረቅኩላት። እሱን ለብሳ በጭነት መኪና ደሴ ሄደች።" ጥልፉን በጣቷ ዳሰሰችው። "ዓይኗ አሁን የኔ ናት።"

ስንዴዬን ተቀብዬ ተመለስኩና ለአባቴ ነገርኩት። ስለ ታላቋ ልጁ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።

"ገብሱንስ ምን አደረገችው?" አለኝ።

"ይዛው ሄደች።"

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በቁርበት ትምህርት ቤት አይኬድም፤ ትምህርቴ እዚያ ላይ ቆመ። ታናሽ እህቴ ጥሬ ስንዴ እያኘከች ቁርበቱን ከትከሻዬ ሳበችው።

"ነገ ተራው የኔ ነው" አለች።