የዋሻው ጥጆች

ከጎባ በላይ ባለው ዋሻ እንግዳ ማስጎብኘት ስጀምር፣ አባቴ ስራዬን ከስራ አልቆጠረውም። «ድንጋይ ለማየት ደግሞ ሰው ዳገት ይወጣል? ወይ ጉድ!» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ስራዬን እወደዋለሁ። የድንጋይ ዘመን ሰዎች ከባልጩት ስለት ሲያወጡ፣ እሳት ዳር ፍልፈል ጠብሰው ሲበሉ ለጎብኚዎቹ እተርካለሁ። ፍልፈል ስል እንግዶቹ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ደግሞ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

ይኸው አባቴ አንድ ቀን «እኔንም ውሰጂኝ» አለ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ቅድመ አያቴ አገሩን ሊይዝ ከሰሜን ከመጣው ጦር ጋር ባሌ ሲገቡ ባለቤታቸው እርጉዝ ነበሩ፤ በመጀመሪያው ክረምት ያ ዋሻ ውስጥ አያቴን ወለዱ። አንዲት ያገሩ ሴት ከብቶቿን ዝናብ ላይ አውጥታ ለምጥ ቦታ ለቀቀች፤ የሕፃኑንም ራስ ቅቤ ቀባች። «ይሄ አገር እኛን በቅቤ ነው የተቀበለን» ይላል አባቴ፣ በዓል በመጣ ቁጥር። እግሩ ሳይከዳው እዚያው ቆሞ ይህን መናገር ነበር ምኞቱ።

የክት ኮቱን ለብሶ፣ ከሮቤ ከመጡ መምህራን ጋር ወጣን። ዋሻው ደጃፍ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ የዙሪያው ግጦሽ ባለቤት የሆኑ አሮጊት ተቀምጠዋል። ሁላችንም አዮ ነው የምንላቸው፣ እናቴ እንደ ማለት ነው። እሳቸውን «አካም ቡልተኒ»፣ እንደምን አደሩ፣ ሳይል የሚገባ የለም፤ ነውር ነው።

ስለ ባልጩቱ ገና መጀመሬ ነበር። አባቴ አላስችል አለው። «እስቲ እሱን ተይውና» ብሎ ታሪኩን ጀመረ፤ ከብቶቹን፣ ምጡን፣ ቅቤውን። እንዴት እንዳማረበት! አንዷ መምህርት እንባዋን ጠረገች።

አዮ ከደጃፍ ሆነው ይሰሙ ነበር። «ውሸት የለበትም» አሉ፤ «ጎደሎ ነው እንጂ። ያቺ ሴት አያቴ ናት። ከብቶቹን እሷ አላወጣችም። የወላዷ ባል ነው በጠመንጃ ያስወጣት። ያን ሌሊት በረዶ ጣለ። ጥጆቹ ሲነጋ ደርቀው ተገኙ።»

ክው አልኩ። አባቴ በሰማንያ ዓመቱ፣ በክት ኮቱ፣ ሰው ፊት! «በሉ፣ ወደ ጥንቱ ሰዎች ምድጃ እንለፍ» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

«ዝም በይ አንቺ!» አለኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረ። «ቅቤውስ አዮ? ቅቤውንም አስገድዷት ነው?»

አሮጊቷ «አዎን» ቢሉ የአባቴ ዕድሜ ሙሉ ተረት አፈር መብላቱ ነው።

«ኧረ ወዲያ!» አሉ አዮ። «ቅቤ ቀቢ ብሎ ያዘዛት ማን አለ? ሕፃኑ ምን አጠፋ ብላ፣ በገዛ እጇ ነው የቀባችው። እኛም ቤት ሲወራ ኖሯል። ያ ልጅ አድጎ ይሆን? እንል ነበር።»

«አድጓል» አለ አባቴ። «አድጎ እኔን ወልዷል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለላቸው፤ መላጣውን ዳበስ ዳበስ አደረጉለት። የኔ ጌታ፣ እንደ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። መምህራኑ ባልጩቱን ረስተውታል፤ እኔም ረስቼው ነበር።

ቁልቁለቱን አባቴ ክንዴን ይዞ ወረደ። ቅቤውን እያሰበ መስሎኝ ነበር። ጎባ ልንገባ ስንል «ስንት ነበሩ ብዬ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ» አለ። «ጥጆቹ።»

አሁን በዓል ሲመጣ ያንኑ ታሪክ ያወራልናል። የሚጀምረው ግን ከጥጆቹ ነው።