የባለቤቴ «ኖ ፕሮብሌም»

ባለቤቴ ደባርቅ ተቀምጦ ስሜን ተራራን ሲያስጎበኝ ነው የኖረው። ከእንግሊዝኛው ሁሉ ወደ ቤት ያመጣው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ «ኖ ፕሮብሌም»፣ «ስሞል ፕሮብሌም» እና «ሲሪየስ»። ልካቸውን ግን እንደ ገዛ ፈቃዱ አድርጎት ነበር። ጉም መንገድ ቢያሳጣው፣ ነፋስ ድንኳን ቢወስድበት «ኖ ፕሮብሌም» ነው። በቅሎ ብትጠፋ «ስሞል ፕሮብሌም»። «ሲሪየስ» የምትወጣው የኔ ሽሮ ጨው ሲያንሰው ነበር። አንዴ ጎርሶ ማኘኩን ያቆምና፣ እንደ ሐኪም ራሱን ነቅንቆ «ይሄ እንኳ ሲሪየስ ነው» ይለኛል።

ሲታመምም «ኖ ፕሮብሌም» እያለኝ ነው ያረፈው። ዛሬም ቃሉን ከሰው አፍ ስሰማ አላምነውም።

ስለዚህ ዘንድሮ ልጃችን በአባቷ ሥራ ገብታ የመጀመሪያ እንግዶቿን ይዛ ልትወጣ ስትነሳ አስጠነቀቅኳት።

«እንደ አባትሽ ኖ ፕሮብሌም ብለሽ እንዳትደውይልኝ። የሆነውን በልኩ ንገሪኝ። ከደበቅሽኝ ሁለተኛ ተራራ አትወጪም።»

«እሺ እማ» አለች፣ የጫማዋን ማሰሪያ እየሳበች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ካለው ከጊች ካምፕ ደወለች።

«እማ፣ ስሞል ፕሮብሌም።»

ተቀመጥኩ። አባቷ ስለ ራሱ ሲናገር ከ«ኖ ፕሮብሌም» አልፎ አያውቅም።

«ተናገሪ።»

«እግሬ ወለም አለኝ፤ አብጧል። መርገጡን እረግጥበታለሁ፣ ግን ከዚህ በኋላ በበቅሎ ነኝ።»

«እንግዶቹስ?»

«እነሱ በእግር፣ አስጎብኚያቸው በበቅሎ። ፎቶ እያነሱኝ ነው።»

በቅሎ ጫኙ፣ ከባለቤቴ ጋር ተራራ ላይ ያረጀ ሰው፣ ስልኩን ተቀበላት።

«እመት፣ አይስጉ። አይቼዋለሁ፣ አጥንት አልነካም። ሲሪየስስ የኔ ነው፤ እሷ በቅሎዋ ላይ ስትወጣ ጭነቱ ወደ ጀርባዬ ሊዞር ነው።»

«ጋሼ፣ ሲወጡ አፋፉ ላይ በጉልበትዎ ሲፎክሩ አልነበር?» ስትለው ከጎኑ ሰማኋት።

«ውረጂ» የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጥኳት። ልጄ ልኩን ነግራኛለች። የጠየቅኳት ይኸንኑ ነበር።

«እንግዶችሽን ጨርሰሽ ነይ» አልኳት።

ጨርሳ፣ እያነከሰች ገባች። እግሯን ትራስ ላይ አስቀምጬ ሽሮ አቀረብኩላት፤ እየበላች ስለሚቀጥሉት እንግዶቿ ታወራኝ ጀመር። እኔም ለዚያ ጉዞ የትኛውን ሹራብ እንደምትለብስ እያሰብኩ ነበር። ድንገት ማኘኳን አቆመች።

«እማ...»

«አውቄዋለሁ» አልኳት፣ ጨው ላመጣ እየተነሳሁ።