ምንሽር በላም

መርሑም ባለቤቴ የተወልኝ ይሄን ቤትና አንድ ምንሽር ነው። ጠመንጃው ለሱም ካባቱ የወረደ ነው። ስንት ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲኖር እኔ ከአቧራው በቀር የማውቀው አልነበረም። ሰው ሲመጣ ግን ሳላፍር «የዚህን ዋጋ ማን ይችለዋል!» እል ነበር።

ዘንድሮ የልጅ ልጆቼ የሱቅ ዱቄት በጥብጠው ወተት ነው ሲሉ አንጀቴን በሉት። ላም ማግኘት አለብኝ አልኩ። ጀውሃ ከተማ ከብት ያለው፣ አሮጌ ጠመንጃ የሚወድ ሰው አለ። «ደህና ከሆነ፣ ቀበሌም ከፈቀደልን፣ ልትወልድ የደረሰች ላም እለውጥዎታለሁ» ብሎ ላከብኝ።

ከዚያ ወዲያ እኔን የሚችለኝ ጠፋ! የጠመንጃውን እንጨት በሰሊጥ ዘይት አሸሁት። የወተቱን ቅል አጥቤ በወይራ አጠንኩ። ጎረቤቴን «ቅቤ ከገበያ እንዳትገዢ» አልኳት።

«ላሚቱ ሳትመጣ፣ እትዬ?»

«ጠመንጃው ቤት አይደለም እንዴ!»

ሰውዬው በባጃጅ መጣ። ግቢ ሲገባ መሬት ላይ የተቸከለ ብረት የእግሩን አውራ ጣት መታው። «እኔን ልጄ! እኔን!» ብዬ ጥላ ስር አስቀመጥኩትና ምንሽሩን እንደ ሙሽራ አቅፌ አመጣሁለት። አገላበጠው። ቀዳዳውን አየ። እኔን አየ።

«እናቴ፣ መቀባበያውስ?»

«የምን መቀባበያ?»

«እዚህ ጋ የሚገባ፣ እጀታ ያለው ብረት። ጥይት የሚያጎርሰው እሱ ነው። ያለሱ ይሄ በትር ነው።»

«ወላሂ፣ መርሑም እንዲሁ ነው የተወው!» ብዬ ማልኩ። ምዬ ሳልጨርስ ትዝ አለኝ። እጀታ ያለው ብረት! ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ሳጥኑን ሳራግፍ በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት አግኝቻለሁ። ለካስ ልጆች እንዳይተኩሱ ብሎ ነቅሎ ደብቆት ኖሯል። እኔ የውሃ ሞተር ዕቃ መሰለኝ። ጠንካራ ነው ብዬ ግቢው መሀል ፍየል ማሰሪያ ቸከልኩት። ፍየሏ ሞተች፣ ብረቱ እዚያው ቀረ።

«ልጄ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ፣ «ቅድም የመታህን ብረት እስቲ እየው።»

ቆፍሮ አወጣው፣ በውሃ አጠበው። አናቱን በድንጋይ ስቀጠቅጠው ጠፍጥፌዋለሁ፣ ታቹን የፍየል ሽንት በልቶታል። ሰውዬው መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«እናቴ፣ ጠላት እንኳ እንዲህ አያደርገውም!»

ጎረቤቴ ባጥር በኩል ብቅ አለች። «እትዬ፣ ቅቤው መቼ ነው?»

ያም ሆኖ አልተውኩም። «እንጨቱ እኮ ዘይት ጠጥቷል» አልኩት።

«ላሚቱን ይርሷት። አባቴ እንዲህ ያለ ነበረው፣ ለትዝታ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። የምትታለብ ፍየል ልስጥዎት።»

«ከነግልገሏ!»

«እሺ፣ ከነግልገሏ።»

ቀበሌ ሄደን አስፈቀድን፣ ምንሽሩን ወሰደ፣ ፍየሏን አመጣልኝ። መቀባበያውን ግን «ለርስዎ ይሻላል» ብሎ ጥሎልኝ ሄደ። ፍየሏን ይዤ ግቢው መሀል ቆሜ የማስርበት ጠፋኝ። ምን ላድርግ? ድንጋዬን አነሳሁና ብረቱን እዚያው ቦታ መልሼ ቸከልኩት።

አልሐምዱሊላህ፣ ወተቷ ለልጆቹ ሻይ ይደርሳል። በወይራ ያጠንኩት ቅል የምንሽሩ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሰው ሲመጣ ስለ ዋጋ አላወራም።