የዘሃራን ኮምፒውተር ይዤ ወልድያ

ሰኞ ጠዋት ከመርሳ ወልድያ የሄድኩት የልጄን ኮምፒውተር ላሠራ ነው። ዘሃራ በርቀት ትማራለች። ትምህርቱ በፍላሽ ይመጣላታል፤ አስተማሪው በምስልም በድምፅም ያስረዳታል። ፈተናዋ ቅዳሜ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሠራ ይጠፋል።

አዲስ የምንገዛበት አቅም ስለሌለን ወልድያ ያለው ራዲዮ ጠጋኝ ካሳዬ ነው የሠራልን። የተሰበረ ላፕቶፕ ዕቃ በጣውላ ሳጥን ውስጥ ገጣጥሞ፣ በሞተር ሳይክል ባትሪ እንዲሠራ አደረገው። ጦርነቱ መብራቱን ካጠፋ ወዲህ ባትሪውን በፀሐይ ነው የምንሞላው። «ለድሃ ተማሪ የሚሆን ነው፤ ለሌሎችም እሠራለሁ» ብሎ ነበር። መንገዱን ሁሉ ካሳዬን ስረግም ሄድኩ።

ዘሃራ «እኔ ልሂድ» ብላ ነበር። በዚህ ጊዜ ልጄን ብቻዋን መንገድ አልሰድም።

ከሲሪንቃ ወዲያ

ሚኒባሱ በእጥፍ አስከፍሎ፣ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አምስት አጨቀን። ሳጥኑ ጭኔ ላይ፣ ባትሪው እግሬ ሥር ነው።

«ቀስ በል ልጄ» አልኩት ሾፌሩን።

«እናት፣ ቀስ ካልኩ ኬላው ይዘጋብናል።»

ኬላው ሳይዘጋ ደረስን፤ ፍተሻው ግን አልቀረልንም። ወታደሩ ሳጥኑን በጣቱ አንኳኳው።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ትምህርት ቤት ነው» አልኩ፤ ሌላ ስም አልመጣልኝም።

«ትምህርት ቤት በሳጥን? እስቲ ይግለጡት።»

ከወፍራም ጨርቅ ሰፍቼ ዙሪያውን ዳንቴል ያደረግኩለትን ልብስ አውልቄ አስነሳሁት። አስተማሪው ስለ አፈር ማስረዳት ጀመረ። ወታደሮቹ ከበው አዳመጡ። አንዱ «የአባቴ ማሳ እንዲህ ጥቁር ነው» አለ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን፤ ሳጥኑ አልጠፋም። ቤት እምቢ ያለው ለወታደር ታዘዘ። በገንኩ።

ወልድያ

ካሳዬ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ይሠራል። የኬላውን ነገር ስነግረው ልብሱን አገላብጦ አየው።

«እትዬ ሐዋ፣ ልጅቷ ስታጠናም ይህን ለብሶ ነው?»

«ፊቱን እገልጥለታለሁ። ሌላውንስ አቧራ ይብላው?»

«ታፍኖ እኮ ነው የሚጠፋው። ላዩ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻው ናቸው።»

«ታዲያ መች ነገርከኝ?»

«ቴሌቪዥን የምታለብሱ መሆናችሁን ረስቼ ነው» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። «ወለላችን አፈር ነው፤ ደጃችን ላይ እህል ይወቃል። እንደኛ ላለ ቤት ከሆነ የሠራኸው፣ አቧራውን አስበህ ሥራው።»

መፍቻውን አነሳ። ከዚያ ሳጥኑን ፈታ። የላዩን ቀዳዳ ደፍኖ በሁለቱም ጎን ከፈተለትና በወንፊት ሽቦ ጋረደው። መቀስ ሰጠኝ፤ ልብሱን በቀዳዳዎቹ ልክ ቆረጥኩት።

«የሚቀጥሉትንም እንዲህ ነው የምሠራቸው» አለ።

መርሳ

ከመምሸቱ በፊት ገባሁ። ኮምፒውተሩ ባትሪው እስኪያልቅ ሠራ፤ አልሐምዱሊላህ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሽቦ ያለው ነገር ሲሰጡኝ መሃይም እንዳይሉኝ ብዬ አልጠይቅም፤ ካሳዬም ቤታችን ምን እንደሚመስል አልጠየቀም። በሁለታችን ዝምታ የልጄ የጥናት ጊዜ ባከነ።

ፈተናው የሚሰጠው ወልድያ ነው። ዘሃራ ብቻዬን እሄዳለሁ ትላለች፤ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ እላለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ገና አልተስማማንም።