የማኅተሙ ቁልፍ

መንግሥት በነፃ አስተማረኝ፣ «ዶክተር» አለኝ፣ ከዚያ «ምደባ እስኪወጣ ጠብቂ» ብሎ ቦሌ ሚካኤል እናቴ ቤት አስቀመጠኝ። ሥራ የለኝም። ጎረቤት ግን ሞልቶኛል፤ ሁሉም ይታከምብኛል።

አንዷ ጉልት ሽንኩርት የሚሸጡ፣ ስኳር ያለባቸው እትዬ ናቸው። አንድ ጠዋት መጥተው «ዶክተርዬ፣ እስቲ ይቺን ጣቴን እያት» አሉኝ። ትንሿ የእግር ጣታቸው ጠቁራለች፤ ቅላቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልገቡ እግራቸውን እንደሚያጡ ነገርኳቸው።

«ምን ያስፈራሻል? ጤና መድን አለኝ!» ብለው ደብተሩን ከጉያቸው መዘዙ።

እውነት ነው፣ አላቸው። ግን ሆስፒታል በመድን የሚቀበለው ጤና ጣቢያ ሪፈር ሲጽፍ ነው። ሄድን። ነርሷ አየች፣ ደነገጠች፣ ጻፈች። ማኅተሙ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ኃላፊው ኪስ፣ ኃላፊው ስብሰባ።

«ነገ ኑ» አለች ነርሷ።

«እግሩ እስከ ነገ አይቆይም!»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«ሐኪም ነኝ።»

«የት ነው የምትሠሪው?»

«ምደባ እየጠበቅኩ ነው።»

«እሰይ! አንድ ቀን ብትጨምሪ ምን አለበት?»

ስብሰባው እዚያው ቦሌ፣ ሆቴል ነው። አዳራሹ በር ላይ «ጤና ለሁሉም» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ኃላፊውን በሻይ ሰዓት፣ ባጅ አንጠልጥሎ፣ ሳምቡሳ ይዞ አገኘነው።

«ቁልፉን ይስጡኝና ነርሷ ትምታው» አልኩት።

«የማኅተም ቁልፍ በሰው እጅ አይላክም፣ እህቴ። አሠራር አለ። ከምሳ በኋላ እናያለን።»

እኔ ልጮህ ስል እትዬ ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ጨርቁን ፈቱ። ሽታው አዳራሹን ሞላው። ባጅ ያንጠለጠለ ሁሉ አፍንጫውን ያዘ።

«ይኸው የኔ ልጅ» አሉት ወደ ባነሩ እየጠቆሙ፣ «ሁሉም ከምትሏቸው አንዷ እኔ ነኝ።»

ሰውየው ሳምቡሳውን አስቀመጠ። ታክሲ ውስጥ ጋቢና ተቀምጦ «ስሜታዊ አትሁኚ፤ ሲስተሙ ይሠራል» እያለ መከረኝ። መሳቢያውን ከፍቶ ማኅተሙን ለመምታት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

ሆስፒታል ጣቷ ተቆረጠች፣ እግሩ ተረፈ። እትዬ ዛሬም ለገበያተኛው «ይቺ ዶክተር ናት ያዳነችኝ» ይላሉ። አፍራለሁ። ሐኪም ሆኜ የሰጠሁት የመጀመሪያ ሕክምና አንድ ሰውዬ ከሻይ ሰዓቱ አስነስቶ ታክሲ ውስጥ መክተት ነው፤ እሱንም እትዬ ራሳቸው ናቸው ያደረጉት።